ብስክሌት በትንሽ መኪና መጫን፦ ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው እየደጋገመ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ እስከ አስቸጋሪው እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

መኪናዬ ትንሽ ናት። ብስክሌት ትችላለች?

ትችላለች። እኔ ራሴ በቪትስ ነው የማመላልሰው። የሚያስቸግረው ክብደቱ አይደለም፣ ርዝመቱ ነው። ገበያ ላይ የሚበዛው የብረት ማውንቴን ብስክሌት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ አንድ ኩንታል ጤፍ የምትሸከም መኪና ይህን አትፈራም። ርዝመቱ ግን ከጎማ ጫፍ እስከ ጎማ ጫፍ 1.75 ሜትር አካባቢ ነው። የቪትስ ወርድ ደግሞ እንደ ሞዴሉ ከ1.66 እስከ 1.70 ሜትር። ስለዚህ ከኋላ አግድም ሲሰቀል ከመኪናው ወርድ ይተርፋል።

የፊት ጎማው ሲፈታ ርዝመቱ ወደ 1.45 ሜትር ይወርዳል። ያኔ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ መኪናው ውስጥ ለማስገባት ሞክሩ፣ ካልሆነ ከኋላ ስቀሉ፣ ጣሪያውን ለመጨረሻ አቆዩት።

ቪትስ ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው?

የኋላ ወንበሮቹን አጥፉ። የፊት ወንበሮቹን ትንሽ ወደ ፊት ሳቡ። የብስክሌቱን የፊት ጎማ ፍቱ፣ መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ፣ መሪውን ወደ ጎን አዙሩ። ከዚያ ብስክሌቱን አስተኝታችሁ የኋላ ጎማውን አስቀድማችሁ በሰያፍ አስገቡት። ሰንሰለቱ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ወደ ታች ከሆነ ወንበሩ በግራሶ ይጨማለቃል፣ ከዚያም በላይ የማርሽ መቀየሪያው በብስክሌቱ ክብደት ይጣመምና በማግስቱ ማርሹ አልገባ ይላል።

የፈታችሁትን ጎማ ከላይ አስቀምጡት፣ በመሃሉ አሮጌ ብርድ ልብስ አድርጉ። በመጨረሻ፣ እባካችሁ፣ ብስክሌቱን በኋላ ወንበር ቀበቶ ወይም በገመድ እሰሩት። ድንገት ፍሬን ስትይዙ ያ ሁሉ ብረት ወደ ፊት የሚመጣው ወደ እናንተ ማጅራት ነው። ውስጥ ስለሆነ አይወድቅም ብሎ ሳይታሰር የሚሄድ ሰው ሳይ በጣም ነው የምሰጋው።

ዲኤክስ ወይም ሌላ የኋላ ሳጥን ያለው መኪና ከሆነ በሳጥኑ አትታገሉ። ሁለቱንም ጎማዎች ፍቱና ብስክሌቱን በኋላ በር አስገብታችሁ ወንበሩ ላይ አስቀምጡት፤ ጎማዎቹ ሳጥኑ ውስጥ ይግቡ።

ጎማ ለመፍታት ምን ቁልፍ ያስፈልገኛል?

በእጅ የሚከፈት ማጠፊያ ካለው ምንም አያስፈልግም። በዳዶ የታሰረ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 15 ቁልፍ ነው፣ የፊቱ አንዳንዴ 14 ይሆናል። ሁለቱን ቁልፎች መኪናው ውስጥ አስቀምጡ፤ ሐይቅ ዳር ደርሳችሁ ቁልፍ ፍለጋ መሄድ ቀኑን ያበላሻል። ጎማው በፍሬን ጎማዎቹ መሃል አላልፍ ካለ አየሩን አታስተነፍሱት፣ የፍሬኑን ሽቦ ከላይ ማላቀቅ ነው የሚበቃው።

ፔዳል መፍታት ካስፈለገ እሱም 15 ነው። የግራው ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል። ቁልፉን ከላይ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ጎማው አቅጣጫ ብታዞሩት ግራም ሆነ ቀኝ ይፈታል።

ዲስክ ፍሬን አለው። ጎማውን ስፈታ የሚበላሽ ነገር አለ?

በዘይት የሚሠራ ከሆነ፣ ጎማው በወጣበት የፍሬኑን እጀታ አትጭመቁ። ከጨመቃችሁት ሁለቱ የፍሬን ሸራዎች ይጋጠሙና ዲስኩ ተመልሶ አልገባ ይላል። ወፈር ያለ ካርቶን አጥፋችሁ በመሃላቸው ሰክኩ፣ በቃ።

ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ሳይኖር ገመድ በበር አሳልፌ ማሰር እችላለሁ?

አይሆንም። እዚህ ላይ መሃል ሰፋሪ አይደለሁም። የትንሽ መኪና የጣሪያ ቆርቆሮ ስስ ነው፤ የፔዳልና የመሪ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍበት ይሰረጉዳል። ስፖንጅ ብታነጥፉም ብስክሌቱ በየኩርባው ይንሸራተታል። ገመዱ በበሩ ጎማ ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ ክረምት ላይ ውሃው ገመዱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባል።

ፖርቶመጋላ ካለኝስ?

ያኔ ይቻላል። ብረቱ ራሱ በደንብ መታሰሩን በእጃችሁ ነቅንቁ፣ መኪናው አብሮ መወዛወዝ አለበት። ብስክሌቱን አቁማችሁ ከጫናችሁ ሁለቱን ጎማዎች ከብረቱ፣ ከዚያ ፍሬሙን በግራና በቀኝ እሰሩ። አስተኝታችሁ ከሆነ ሰንሰለቱ ወደ ላይ፣ መሪው ወደ ፊት ይሁን።

ከሁሉም በላይ ግን ከፍታውን አትርሱ። 1.50 ሜትር የምትሆን መኪና ላይ ብስክሌት ሲቆም ከ2.50 ሜትር ያልፋል። ሰው መንገድ ላይ ሲጠነቀቅ ይውልና የራሱ ግቢ በር ላይ ይገጨዋል። እኔ ዳሽቦርዱ ላይ ትልቅ ወረቀት እለጥፋለሁ፦ «ከላይ ብስክሌት አለ»። ነፋሱም ቀላል አይደለም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ ብስክሌት ጣሪያ ላይ እያለ ከ80 በላይ አትንዱ። ነዳጁም ሲጨምር ታዩታላችሁ።

ከኋላ በር ላይ የሚንጠለጠለው መስቀያ ያዋጣል?

ለትንሽ መኪና ከውስጥ ቀጥሎ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ዝቅ ስለሚል ሴትም ልጅም ያነሳዋል፣ ነፋስም ብዙ አያገኘውም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የታች እግሮቹ ፓራውልቱ ወይም የበሩ ታችኛው ክፍል ላይ ያርፋሉ፣ ክብደቱን ግን የሚይዙት የበሩ ጠርዝ ላይ የሚነክሱት ቀበቶዎች ናቸው። ስለዚህ ቀበቶዎቹ የሚይዙት ጠርዝ ቆርቆሮ መሆን አለበት። መስታወት ጠርዝ ላይ ወይም ከላይ የተለጠፈ የፕላስቲክ ክንፍ ላይ ከሆነ ይሰብረዋል። እግሮቹ የሚያርፉበትን ቦታ መጀመሪያ ከአቧራ አጽዱ። አቧራ በመሃል ካለ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው።

አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከሐይቅ ከተማ ወደ ደሴ ስንመለስ የልጄን ብስክሌት ከኋላ ሰቅዬ ነበር። 30 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፣ ግን ዳገት ነው፣ ሞተሩ በደንብ ይለፋል። የብስክሌቱ ጎማ ትክክል ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) አፍ ፊት ለፊት መንጠልጠሉን አላየሁም። ጢጣ ስንደርስ ጎማው ቀልጦ ካላማዳሪያው ፈንድቷል። ልጁ አላለቀሰም፣ ዝም ብሎ ጎማውን በእጁ ሲዳስስ ነበር፤ ያ ነው የባሰብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብስክሌት ስሰቅል መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ ማርሚታው የት እንደሆነ አያለሁ፣ ጎማውንም ወደ ሌላኛው ጎን አዞራለሁ።

በምን ልሰር? ገመድ ሁሉ አንድ አይደለም?

አንድ አይደለም። የናይለን ገመድ ሲደርቅ ጠንካራ ነው፣ ሲረጥብ ግን ይለጠጣል። አንሸራታቹ የፕላስቲክ ገመድ ደግሞ አይለጠጥም፣ ቋጠሮው ነው የሚፈታው። ሲባጎ በሹል ነገር ላይ ሲፈገፈግ ይበጠሳል። ከሁሉም የሚሻለው መቆለፊያ ያለው ሰፊ የጭነት ቀበቶ ነው፣ ሁለት ቢኖራችሁ ለዓመታት ያገለግላችኋል።

የእኛ አገር መላ ደግሞ አለ፣ እሱም ካላማዳሪያ ነው። ያረጀ የመኪና ካላማዳሪያ ሦስት ጣት በሚሆን ስፋት ረዥም አድርጎ መቁረጥ ነው። ፍሬሙን አይቧጥጥም፣ ያለ ቋጠሮ ራሱን ይይዛል፣ ብስክሌቱ ሲንቀጠቀጥም አይላላም። በደንብ ወጥራችሁ ጠምጥሙት። ግን ብቻውን አትመኑት፤ ፀሐይ የበላው ካላማዳሪያ ሳይታሰብ ይቀደዳል። እኔ ዋናውን በቀበቶ አስሬ፣ ጎማዎቹና መሪው እንዳይወዛወዙ በካላማዳሪያ እይዛቸዋለሁ። መሪው ሳይታሰር ከቀረ በየኩርባው እየዞረ መስታወቱን ይመታል።

የተንጠለጠለ የገመድ ጫፍ አይኑር። በነፋስ እየተገረፈ ቀለም ይፍቃል፣ ከዚያ የባሰው ደግሞ የመኪናው ጎማ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ምን ልጠንቀቅ?

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። መንገዱ ሙሉው 25 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። ይህ ሁሉ ቁልቁለት በኩርባ ላይ ኩርባ ነው የሚወረደው፣ በዚያ ላይ ከሚሌ በባቲ በኩል መጥቶ ወደ ደሴ የሚሄደው ከባድ መኪና በዚያው መንገድ ነው የሚወጣው። እያንዳንዱ ኩርባ ብስክሌቱን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይጎትተዋል፣ ፍሬን ስትይዙ ደግሞ ወደ ፊት። ደሴ ከተማ ውስጥ አስተማማኝ የመሰለው እስር ሐረጎ ላይ ሌላ ነው።

እኔ የተማርኩት በክፉ ቀን ነው። ክረምት ነበር፣ በናይለን ገመድ ነበር ያሰርኩት። ዝናቡ ገመዱን አራሰው፣ ገመዱ ተለጠጠ፣ ብስክሌቱ በአንድ ጎኑ እየወረደ መሬት ሊነካ ደርሶ ነበር። እኔ በጉሙ ምክንያት በስፖኪዮ ምንም አልታየኝም። ከኋላዬ የነበረው የአይሱዙ ሹፌር ነው መብራት እያበራ ክላክስ እያደረገ ያስቆመኝ። ወርዶ አብሮኝ አሰረ፣ ስሙን እንኳን ሳልጠይቀው ሄደ፤ እስካሁን አመሰግነዋለሁ። ብስክሌቱ ቢወድቅ ኖሮ ከኋላ ባለ ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ ላይ ነበር የሚወድቀው።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አመቺ ቦታ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ቀበቶውን እንደገና አጥብቁ። መጀመሪያ የታሰረ ነገር በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ይላላል፣ ሁልጊዜ። ስትወርዱ ማርሽ ቀንሳችሁ በሞተር ያዙ፣ በየኩርባው ድንገተኛ ፍሬን አይኑር። ኮምቦልቻ ስትገቡ ደግሞ አንዴ ዞር ብላችሁ እዩት።

ክረምት ላይ መጫን ይከብዳል?

ብዙም አይከብድም፣ ጭቃው ነው የሚያስጠላው። ከኋላ የተሰቀለ ብስክሌት የመኪናው ጎማ የሚረጨውን ጭቃ በሙሉ ይቀበላል። ስትደርሱ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጥረጉና ዘይት ጠብ አድርጉለት። መቀመጫውን በፌስታል ሸፍኑ፣ ግን ፌስታሉን በደንብ እሰሩት። ጉም ካለ የመኪናችሁ የኋላ መብራት በብስክሌቱ አለመጋረዱን ወርዳችሁ እዩ።

ሚኒባስ ላይ ቢጫንስ?

ይጫናል፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ። ረዳቱ ከላይ ሲያስር አብራችሁ ቁሙ፤ ሥራውን ያውቃል፣ ግን ብስክሌቱ ላይ ጆንያ ሲደራረብ የጎማው ሽቦዎች ይጣመማሉ። ከላይ የመጨረሻ ሆኖ እንዲጫን ለምኑት። እምቢ የሚል ረዳት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ትራፊክ ይቀጣኛል?

ታርጋችሁ ከተሸፈነ አዎ፣ ልትቀጡ ትችላላችሁ፣ ጥፋቱም የእናንተ ነው። የፍሬን መብራቱና ፍሬቻውም መታየት አለባቸው፤ ከኋላ ያለው ሰው የምትቆሙትንና የምትታጠፉትን በምን ይወቅ? ጓደኛችሁ ከኋላ ቆሞ ሲያይ እናንተ ፍሬን ርገጡ፣ ፍሬቻ አብሩ። ካልታየው ብስክሌቱን ከፍ ወይም ወደ ጎን አድርጉት። በጎን የሚተርፍ ጎማ ካለ ፍቱት፣ መፍታት ካልተቻለ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት። ከተማ ውስጥ ባጃጅ በክንድ ርቀት ነው የሚያልፋችሁ።

ውጭ የሚኖር ወንድሜ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ስፖርት መኪና አለችው። እሷ ላይ ብስክሌት ይጫናል?

ይህ ጥያቄ ከዘመድ ልጆች ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል፣ መልሱም ከምታስቡት በላይ ደስ ይላል። እንዲያውም ቪትስ የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ እሷም የሁለት ሰው መኪና ናት። በጣም የታወቀችውን ማዝዳ ኤምኤክስ 5ን እንውሰድ። ከ1989 ጀምሮ እየተሠራች ነው፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የአሁኗ ወርዷ 1.73 ሜትር አካባቢ ነው፣ የኋላ ሳጥኗ ግን 130 ሊትር ብቻ። ሁለት የጉዞ ቦርሳ ቢይዝ ነው፣ የብስክሌት ጎማ እንኳን መግባቱ ያጠራጥራል።

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ቀላሉ መንገድ የተሳፋሪው ወንበር ነው። ጣሪያው ይከፈታል፣ የብስክሌቱ ሁለት ጎማዎች ይፈታሉ፣ ፍሬሙ ብርድ ልብስ ተነጥፎለት ወንበሩ ላይ ይቀመጥና በቀበቶ ይታሰራል። ማርሽ ለመቀየር ክንዱ መንቀሳቀሱን፣ የቀኝና የግራ ስፖኪዮ መታየቱን ሳያረጋግጥ ግን አይነሳ።

ሁለት ሰው ከሆኑ በኋላ ሳጥኑ ክዳን ላይ በቀበቶ የሚታሰረው መስቀያ ይሆናል። ክዳኑ ስስ ስለሆነ አንድ ብስክሌት ምቹ ነው፣ ሁለት ከሆኑ ቀለል ያሉ ይሁኑ። ከዚህ የሚሻለው በሻንሲው ላይ ጋንቾ አስገጥሞ መስቀያውን እሱ ላይ መትከል ነው፤ ክብደቱ ከቆርቆሮው ላይ ይነሳል፣ ቀለሙም አይነካም። እንደዚህ ዓይነት መኪና ዝቅ ያለች ስለሆነች ግን የብስክሌቱ ጎማ ከመሬት ስንት እንደሚርቅ ይለካ። ብሬከር ሲወጣ የኋላዋ ዝቅ ይላል፣ ጎማው አስፋልት ይነካል።

በአየር የሚጣበቀው መያዣስ? ጣሪያዋ ጨርቅ ናት።

ጨርቅ ላይ ፈጽሞ አይሆንም። ያ መያዣ ውስጡ ያለውን አየር በትንሽ ፓምፕ አስወጥቶ ነው የሚጣበቀው፣ ስለዚህ ልሙጥና ንጹሕ ቆርቆሮ ወይም መስታወት ይፈልጋል። ጣሪያዋ ጨርቅ ለሆነች መኪና የሳጥኑ ክዳንና የኋላ መስታወቱ ብቻ ናቸው የሚቀሩት፣ መስታወቱም ከጨርቁ ጋር የተሰፋ ከሆነ እሱም አይታመንም።

በትክክለኛው ቦታ ላይ ከሆነ በጣም አጥብቆ ይይዛል። ፓምፑ ላይ ያለችው ምልክት አየር ሲገባበት ብቅ ትላለች፣ በየቆማችሁበት እሷን እዩ። አቧራ ትልቅ ጠላቱ ነው። የእኛን የበጋ አቧራ ስለማውቀው፣ እዚህ የሚጠቀም ሰው በእርጥብ ጨርቅ ሳያጸዳ እንዳይለጥፈው አደራ እላለሁ።

ብስክሌቴ ካርቦን ነው። ፍሬሙን ማሰር ይጎዳዋል?

በአንድ ቦታ ላይ ጠንክሮ የሚጨምቅ ነገር ይጎዳዋል። ብረት ቢሰረጎድ ይታያል፣ ካርቦን ግን ውስጡ ሲሰነጠቅ ከላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በጎማዎቹ ወይም በመቀመጫው ብረት በኩል እሰሩት፣ የላይኛውን የፍሬም ቧንቧ በመንጋጋ አታስነክሱት። ካርቦን ያለው ሰው ጎማ ፈትቶ ውስጥ ቢያስገባው እመርጣለሁ።

ይህን ሁሉ ከምደክም ለምን ከደሴ ኮምቦልቻ በብስክሌቱ አልወርድም?

ወጣቶቹ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው፣ ፍላጎታችሁም ይገባኛል። የጎበዝ ብስክሌተኛ ፍሬን ግን ያን ሁሉ ቁልቁለት ሲይዝ ይግላል፣ በተለይ ርካሹ የጎማ ፍሬን። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከባድ መኪና ኩርባ ሲታጠፍ የእናንተንም መስመር ይወስዳል። በጠዋት፣ በጉም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ደግሞ በጭራሽ። ልምድ ያላችሁ ብትሆኑ እንኳን ከኋላ መብራቱን እያበራ የሚከተል መኪና ይኑራችሁ።

ለዚህ ነው ብስክሌቱን ጭኜ የምሄደው። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከተማው ሜዳ ነው፣ እንደ ልብ ይነዳል። ሐይቅ ዳር ያለው መንገድ ጠዋት ላይ ልዩ ነው። ለልጆች ግን ከሁሉም ቦሩ ሜዳን እመርጣለሁ። ከደሴ ቅርብ ነው፣ ስሙም እንደሚለው ሜዳ ነው፣ ዳገት ብቻ እያየ ያደገ የደሴ ልጅ እዚያ ሲደርስ መሪውን ቀጥ አድርጎ መንዳት የሚማረው በአንድ ከሰዓት ነው። የልጄን ብስክሌት አዲስ ጎማ አስገብቼለት መጀመሪያ የወሰድኩት እዚያ ነው። በቪትሷ ውስጥ፣ ሰንሰለቱ ወደ ላይ፣ በቀበቶ ታስሮ።